በማንኪያ የተለካ ጠብታ

የሰፈሩ ሰው ፊት ለፊት «ሲስተር» ይላታል፤ ሲስተር ግን አይደለችም፣ የመድኃኒት ባለሙያ ናት። ዘወር ስትል ደግሞ «ነጎድጓድ» ይላታል። ይህ ስም የወጣላት አንድ አባወራ ለራሱ የታዘዘለትን ክኒን ሰባብሮ ለልጁ እንደሰጠ በነገራት ቀን ነው። የዚያን ቀን ጩኸቷ መንገድ ተሻግሮ ፀጉር ቤት ድረስ ተሰማ፤ ፀጉር ቆራጩ መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ «ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቀ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንዱ ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ቆማለች። ለልጅ የትኩሳት መድኃኒት የሚጠይቃትን ሁሉ «ስንት ኪሎ ነው?» ሳትል አንዲት ጠርሙስ አታነሳም። ዕድሜውን ሲነግሯት «ዕድሜውን ለትምህርት ቤት ንገሩ፤ ለእኔ ኪሎውን!» ትላለች።

አንድ ቀን ጠዋት በያጁ መጣ። ከመንገዱ ጫፍ በርና መስኮት የሚሠራ፣ እጁን ፍንጣሪ የጠባበሰው ጎልማሳ ነው። ደስ ብሎታል።

«እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ መድኃኒታችሁ ፍቱን ነው! ትናንት ለልጄ የወሰድኩላት አለቀና ሌላ ስጪኝ» አለና አውራ ጣት የምታህል ባዶ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

ሴትየዋ ክው አለች። የጠብታ ፓራሲታሞል ነው። ለጨቅላ ተብሎ ጠንከር ተደርጎ ስለሚሠራ አንድ ሚሊ ሊትሩ ብቻ የተለመደውን ሽሮፕ አንድ ሙሉ ማንኪያ ያህል ጉልበት አለው።

«በምን እየለካህ ሰጠሃት?»

«በሻይ ማንኪያ ነዋ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስቴ። ትናንት ከሰዓት፣ ማታ፣ ዛሬ ጠዋት። አያቷም ለጉንፋኑ ቀዩን ሽሮፕ ጨምራላታለች።»

ቀዩ ሽሮፕ ውስጥም ያው ፓራሲታሞል አለ። «ልጅቷ ስንት ኪሎ ናት?»

«እኔ እንጃ። ዓመት ከሁለት ወሯ ነው፤ ዘጠኝ ብትሆን ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅ ነው የምታሳድገው ወይስ ብረት ነው የምትቀጠቅጠው?» አለች፤ ተራ ይዘው የቆሙት ሁሉ ደነገጡ። «ይሄ ውኃ መሰለህ? ጭንቅላትህን የት ጥለኸው ነው?»

«ኧረ ልጅቷ ደህና ናት! ትኩሳቱ ለቋት፣ ስትጫወት ነው ትቻት የመጣሁት።»

«እሱ ነው የሚያስፈራው! ይሄ ነገር ሲበዛ ጉበት ነው የሚበላው፤ ሲበላ ደግሞ ድምፅ የለውም። ዛሬ ትስቅልሃለች፣ ነገ ያስመልሳታል፣ ከነገ ወዲያ የሚሆነውን አታስወራኝ። ተነስ፣ ሆስፒታል!»

የሰውየው ፊት ተለዋወጠ። ከኪሱ የመድኃኒቱን የተጨማደደ ካርቶን አወጣና ዘረጋላት። «እኔ እዚህ ላይ የተጻፈውን ነው ያደረግኩት።»

ካርቶኑ ላይ በእስክርቢቶ «1 ማንኪያ በቀን 3 ጊዜ» ተብሎ ተጽፏል። አብሮ መሸጥ የነበረበት ማንጠባጠቢያም የለም። የእጅ ጽሑፉን ወዲያው ለየችው። የፋርማሲው ባለቤት ጽሑፍ ነው።

ለዚያች ደቂቃ ንዴቷን ዋጠችው። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የተሰጠበትን ሰዓት በወረቀት ጻፈችለት። «ዶክተሩ "ደህና ትመስላለች፣ ይዘሃት ቤትህ ግባ" ቢልህ ይህን አሳየው። ደሟ ሳይመረመር ከዚያ ንቅንቅ እንዳትል!» ብላ፣ ልጅቷን ከቤት ይዞ እንዲሄድ ራሷ ታክሲ አስቁማ ሸኘችው።

ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ባለቤቱ የዕቃ ካርቶን ሲፈታ ነበር። ድሮ የጨርቅ ነጋዴ የነበረ፣ መድኃኒት መሸጥን ከጨርቅ መሸጥ የማይለይ ሰው ነው። የተጻፈበትን የመድኃኒት ካርቶን አፍንጫው ሥር ያዘችለት።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ጻፈው?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ደንበኛ ይሰማል።»

«ይስማ! ማንጠባጠቢያውስ?»

«የተሰበረበት ሰው ለምኖኝ ሰጠሁት። ምናለበት? ሽሮፕ ሁሉ በማንኪያ አይደል እንዴ?»

«ዘጠኝ ኪሎ ልጅ ናት! የሁለት ልጅ መጠን አይደለም የሰጡት፣ የአዋቂ ነው!» በንዴት ብዛት እንኳ «እርስዎ» ማለቱን አልተወችም፤ የቀረላት አክብሮት እሱ ብቻ ነበር።

«እንግዲህ ከዳነች ነገሩን አናንሳው። የሁለታችንም እንጀራ ነው።»

ይህች «የሁለታችንም» የምትለዋ ቃል እንደ እሾህ ወጋቻት። እውነት ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በምሳ ሰዓት፣ አልጋ ላይ የዋለች እናቷን ለማጉረስ ቤቷ ስትሮጥ ይህ ሰው በቦታዋ እንደሚቆም ታውቃለች። ታውቃለች፣ ግን ስለተመቻት ዝም አለች። በያጁን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሰደበችው እንጂ፣ መሰደብ የነበረባቸው ጓዳ ውስጥ የቆሙት ሁለቱ ናቸው። ጋውኗን አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለች፤ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሄዳ የሆነውን ሁሉ ጻፈች። የራሷንም ስም አልዘለለችም።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደች። የልጅቷ ደም ውስጥ መድኃኒቱ ከልክ በላይ ተገኝቶ በደም ሥሯ ማርከሻ እየተሰጣት ነው። በያጁ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለችው።

«ጭንቅላትህን የት ጣልከው አልሽኝ» አለ፣ ሳያያት። «እኔ ማንበብ እችላለሁ። እናንተ የጻፋችሁትን ፊደል በፊደል አነበብኩ። መሃይም ብሆን ኖሮ ልጄ እዚህ አትተኛም ነበር።»

ነጎድጓድ የተባለችው ሴት አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ልጅቷ በአራተኛው ቀን ዳነችና ወጣች፤ ጉበቷም ደህና ሆነ። ፋርማሲው አንድ ወር ታሸገ። ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ እንዳይደርስ ታገደ፤ እሷም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ተቀበለችው። እናቷን በምሳ ሰዓት የምታጎርሰው አሁን እህቷ ናት። በያጁ ግን ሌላ ፋርማሲ መሄድ ጀመረ፤ መንገድ ላይ ሲያገኛትም ሰላም አይላትም። «እውነቱን ነው» ትላለች።

የልጅቷ አያት ግን ፋርማሲው ከተከፈተ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት።

«የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ ንገሪኝ» አሉ።

አንድ በአንድ አነሳች። «ይሄ፣ ይሄ፣ ይሄም ያው ፓራሲታሞል ነው! ስሙን ስለለዋወጡት ሌላ ይሆናል? አንዱን ከሰጡ ሌላውን አይንኩ! ቢያንስ አራት ሰዓት ሳይሞላ አይድገሙ፣ በቀንም ከአራት ጊዜ አይለፉ! አስፕሪኑ የእርስዎ የጉልበትዎ ነው፣ ለልጅ አይሰጥም፣ አርቀው ያስቀምጡት! መለኪያው የየትኛው ጠርሙስ እንደሆነ ሳይለዩ...» እያለች ድምፅዋ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ።

አሮጊቷ እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ መቆጣቱን ተቆጪ» አሉ፣ «ግን ቀስ እያልሽ፤ ልያዘው።»