የዳለቻው ገመድ

ጭሮ ላይ ፖሊሶች ከሻይ ቤት ሲወስዱኝ ሻዬን እንኳ አላስጨረሱኝም። የእስር ክፍሉ ውስጥ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው፤ ኖራው በሰው ጀርባ ታሽቶ መልኩን ለውጧል።

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ቀለም ነው?» አልኩ፣ ለራሴ መስሎኝ።

«ዳለቻ ነዋ!» አሉኝ ከጥጉ አንድ ሽማግሌ። «የኔ በሬ መልክ።»

የመቻራ ገበሬ ናቸው። ቃሉን ከእናቴ ሰምቼው ስለነበር አማርኛ ነው አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«ወላሂ የኛ ነው! ኦሮሞ ከብቱን በመልኩ ይጠራል። ጥቁሩ ጉራቻ፣ አመድ የመሰለው ዳለቻ። እናንተ በሬውን ስትገዙ ቃሉንም ነድታችሁ ሄዳችሁ።»

ለምን እንደታሰሩ ብጠይቃቸው «አንተ ካወቅክ ንገረኝ» አሉኝ። የሚያወሩት ስለ በሬው ብቻ ነው። ቤት ታስሮ የሚቀለብ ሰንጋ ነው፤ የማሽላ አገዳ በእጃቸው እያጎረሱ ነው ያሳደጉት። «እሱም ታስሯል፣ እኔም ታስሬያለሁ። እሱ ግን ይወፍራል» ይላሉ። ሲይዟቸው ለባለቤታቸው «እኔ ሳልመጣ እንዳትሸጪው» ብለዋት ነበር። በሬው እስካለ ድረስ ቤታቸው እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ።

አንድ ረፋድ ስንቅ መጣላቸው። የፌስታሉ አፍ በአሮጌ ገመድ ታስሯል፤ ገመዱ ላይ አመድማ ጠጉር ተጣብቋል። ሽማግሌው ምግቡን አልነኩትም። በአገራቸው በሬ ሲሸጥ ገመዱ ለገዢ አይሰጥም፣ ወደ ቤት ይመለሳል።

«ሸጠችው» አሉ።

«አባባ፣ ቸግሯት ይሆናል።»

«ችግርማ ታውቃለች። የከበዳት መጠበቁ ነው።»

ምግቡን ወደ እሳቸው አስጠጋሁት።

ወዲያው ስንቁን ያስገባው ፖሊስ ተመለሰ። «ገመድ ክልክል ነው፣ አምጣ!»

ሽማግሌው ጠጉሩን አንድ በአንድ ለቅመው በሽርጣቸው ጫፍ ቋጠሩት። ገመዱን ከገበያ እንደሚመለስ ሰው አጣጥፈው ጠቀለሉና በሁለት እጃቸው ሰጡት።

«ያዝ ልጄ። መሬት ላይ እንዳትጥለው።»

ፖሊሱ ተቀበለ። የሚያስቀምጥበት ጠፍቶት ትንሽ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌውን ጠርተው ወሰዷቸው። የት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ስፈታም ጠይቄ አላገኘኋቸውም።

ዛሬ የጭሮ ከብት ገበያ መሀል ሳልፍ ዳለቻ በሬ ካየሁ እቆማለሁ። በሬውን አይደለም የማየው፤ ገመዱን የያዘውን ሰው ነው።