ረጅሙን ከጉድጓድ ማውጣት

በውሃ ጣቢያችን ውስጥ የጋሼን ያህል ጆሮ ያለው ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ከሦስቱ ፓምፖች የትኛዋ እንደታመመች ለማወቅ ጠጋ ማለት እንኳ አያስፈልገውም ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ኮቱን እያወለቀ «የሁለተኛዋ ኩሽኔታ ሊሄድ ነው» ይላል፤ በሳምንቱ ይሄዳል። ይህን ከሁሉ በፊት የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለከተማው ውሃ የላከን ሰው፣ ሰዉ ሁሉ በአንዲት ደቂቃ ብቻ ሲያስታውሰው ያናድደኛል።

ደቂቃዋ ይህች ናት። ከፓምፖቹ ሥር ውሃው የሚጠራቀምበት፣ በብረት መሰላል የሚወረድበት ጉድጓድ አለ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ወደ ጉድጓዱ የሚወርድ ሰው የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይወርዳል። ቁልፉ እሱ ጋ እስካለ ድረስ ፓምፑን ማንም ማስነሳት አይችልም። ያን ቀን የጋሼ የፈረቃ ጓደኛ፣ ለቁመቱ በር ስለማይበቃው ሁላችንም ረጅሙ የምንለው ሰው፣ ማጥለያው ላይ የተለጠፈ ላስቲክ ሊያነሳ «ሁለት ደቂቃ» ብሎ ወረደ። ሳጥኑን አልቆለፈም፤ ቁልፉንም ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ ተወው። ጋሼ መውረዱን ሳያውቅ እጁን ታጥቦ ሲመለስ ስልኩ ይጮሃል። ሆስፒታሉ ነው፤ ውሃ ቆመብን፣ ቀዶ ጥገና ላይ ነን ይላል። የግፊት መለኪያውን አየ፤ ወርዷል። ሳጥኑን አየ፤ ክፍት ነው። ማስነሻውን ተጫነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም።

አጣሪዎች መጥተው ጥፋቱ የሟቹ ነው ብለው ፈረሙ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ኃላፊያችን ጉድጓዱ አፍ ላይ በቀይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አሰቀለ። እኔን ደግሞ ከሌላ ፈረቃ አንስተው የረጅሙ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ወንበሩ ከፍ ብሎ የተስተካከለ ስለነበር እግሬ መሬት አይደርስም ነበር፤ ዝቅ ላድርገው ስል ጋሼ እያየኝ መሆኑን አየሁና ተውኩት።

ነገሩ የገባኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጋሼ መዝገቡን በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቱ ይሞላል፣ ፓምፖቹን ያዳምጣል፣ ዘይት ይለካል። ማስነሳት ሲመጣ ግን «አንተ ተጫነው፤ እጄ ዘይት ነክቶታል» ይለኛል። በማግስቱም እጁ ዘይት ነክቶታል። በሳልስቱ እጁ ንጹሕ መሆኑን እያየሁ እንደዚያው አለኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ምን ይባላል? ሰባት ወር ሙሉ እኔ ተጫንኩ፣ መዝገቡ ላይ እሱ ፈረመ፣ ማንም አላወቀብንም።

ከዚያ ኃላፊው አዲስ መመሪያ ይዞ መጣ። በዓመታዊው የጉድጓድ ጽዳት ቀን እያንዳንዱ ፓምፕ አንቀሳቃሽ እሱ ፊት በገዛ እጁ ይቆልፋል፣ ይከፍታል፣ ያስነሳል። ያልቻለ በጡረታ ይሰናበታል። የቀረን አራት ወር ነበር። ጋሼ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበበና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያ ጆሮ ቤት ተቀምጦ ምን ሊያዳምጥ ነው? ብዬ አሰብኩ።

በክፍላችን ጥግ፣ ለወር ሪፖርት ካልሆነ የማይከፈት ያረጀ ኮምፒውተር ነበር። አንድ ቀን ሪፖርቱን ልጽፍ ስከፍተው ጨዋታ አገኘሁበት። ሥዕል የለው፣ ዘፈን የለው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጫጭ ፊደላት ብቻ። ከላይ ግን እንዲህ ይላል፤ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ረጅሙ።»

ጨዋታው የመጨረሻ ተጫዋቹን ስም ያስታውሳል፤ ረጅሙ ደግሞ ራሱን በቅጽል ስሙ ነበር የመዘገበው። ጋሼ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ይሄንኑ ነበር የሚጫወተው» አለ ቀስ ብሎ። «ከት ብሎ ይስቅ ነበር። ‹ጋሼ፣ ና እየኝ፣ በገዛ እጄ መርዝ ጠጣሁ!› ይለኛል። እኔ ደግሞ ሥራህን ሥራ እለዋለሁ።»

ጨዋታውን አንድ በአንድ ያስረዳኝ እሱ ነው፤ ሲቆጣ ሲቆጣ ሳያውቀው አጥንቶት ኖሯል። አንዲት ምልክት አለች፤ ሰውየው እሷ ናት። ሃያ ስድስት ደረጃ ጉድጓድ ወርዶ ከታች ያለውን ዕንቁ ይዞ በሕይወት መውጣት አለበት። ከሞተ ግን ሞተ። ካቆመበት መቀጠል ብሎ ነገር የለም። ያገኘው ሰይፍ፣ የሰበሰበው መድኃኒት፣ ሁሉም አብሮት ይጠፋል፤ ጉድጓዱም በሌላ መልክ ይቆፈርና ከአንደኛው ደረጃ ይጀመራል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ነው። የሚቀረው የሟቾች ዝርዝር ብቻ ነው፤ ስም፣ የሞተበት ደረጃ፣ የሞተበት ምክንያት። ዝርዝሩን ከፈትኩት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሞት፣ ሁሉም ረጅሙ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ሞቶ እየሳቀ የተነሳ ሰው፣ አንድ ጊዜ ሞቶ ቀረ።

ስሙን ላጠፋው ስል ጋሼ እጄን ያዘኝ። «ተወው» አለና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

እኔም ሞኙ መድኃኒት ያገኘሁ መሰለኝ። ይሄም መጫን ነው አይደል? ቢሳሳት የሚሞተው ምልክት ነው። እጁ እዚህ ከለመደ እዚያም ይለምዳል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

የጨዋታው ጠባይ፣ አንተ ካልተንቀሳቀስክ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። አውሬው ፊትህ ቆሞ አፉን ከፍቶ ይጠብቅሃል፤ ካሻህ ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ። ይህ ለጋሼ ገነት ነበር። አንድ በር ፊት አርባ ደቂቃ ተቀመጠ። እርምጃ መሄድ ሲፈራ ባለበት መቆሚያዋን ፊደል መጫን ጀመረ፤ ቁም፣ ቁም፣ ቁም። ምን ይምጣ ምን፣ ቆሞ ሊያሳልፈው ነው። የቆመ ሰውም እንደሚርበው ግን አላሰበም። ሰሌዳው ላይ «ረጅሙ በረሃብ ሞተ» የሚል መጣ።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ምንም አላደረግኩም'ኮ!» አለኝ።

«ለዚያ ነዋ የሞተው» አልኩት። ምላሴን ብነክሰውም ቃሉ ወጥቷል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ያን ቀን ምሳውን ሳይነካ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ግን ከኔ ቀድሞ ገብቶ ኮምፒውተሩ ፊት አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ሥራ ሲቀል ሌላ ነገር የለውም። የመዝገቡ የመጨረሻ ገጾች ላይ ሕግ መጻፍ ጀመረ፤ ያልታወቀ ብልቃጥ አይጠጣም፤ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሁለት ጠላት አይገጠምም፤ ከመውረድ በፊት መውጫ ይታወቅ። ሞት ሲመጣ እንደ እውነተኛ መርዶ ይቀበለው ነበር፤ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ዝርዝሩ ሁለት መቶ ሠላሳ ደረሰ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አለፈ። ሁሉም ረጅሙ።

«ጋሼ፣ ስሙን ቀይረው እንጂ» አልኩት አንድ ቀን።

«መጀመሪያ ይውጣ።»

ያኔ ገባኝ። ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ይሄ'ኮ ፊደል ነው! ሰውየውን ቀብረነዋል፤ ሬሳውን አብረን አልተሸከምንም?»

«ይገባኛል።»

«አይገባህም!»

«ይገባኛል አልኩህ» አለኝ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳያነሳ። «ቢሆንም ይውጣ።»

ለጽዳቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዕንቁውን አገኘ። ሲወርድ ስድስት ቀን ፈጅቶበት ነበር። ወደ ላይ መውጣቱ ከመውረዱ ይከፋል፤ ያለፍካቸው ሁሉ ይጠብቁሃል። እኔም ከወንበሬ ተነስቼ ከኋላው ቆምኩ፤ ስለ ግፊት መለኪያው ማን ያስብ! አሥረኛ፣ ሰባተኛ፣ ሦስተኛ። አንደኛው ደረጃ ላይ ደሙ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መሰላሉን ረገጠ። ሰሌዳው ጠፋና እንደገና በራ፤ «እንኳን ደስ አለህ፣ ረጅሙ። በሕይወት ወጥተሃል።»

ጮኼ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ጋሼ ዞሮ ወንበሬን አየ፤ የረጅሙን ወንበር። ባዶ ነበር፣ እኔ ቆሜያለሁና። ከዚያ ዞሮ በሩን አየ። እውነቴን ነው፣ ሰው ይገባል ብሎ እንደሚጠብቅ በሩን ትክ ብሎ አየ።

«ከዚያስ?» አለኝ።

«ከዚያማ አለቀ፣ ጋሼ። አሸነፍክ።»

ግንባሩን ኪቦርዱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም። ትከሻውን ይዤ ቆምኩ፤ ሆስፒታሉ ደውሎ ግፊት ወረደ እስኪለን ድረስ። ሄጄ ፓምፑን አስነሳሁ።

ሁለት ቀን ጨዋታውን አልከፈተውም። በሦስተኛው ቀን የረጅሙን ስም አንድ በአንድ ፊደሉን አጠፋና የራሱን ጻፈ። ገና አንደኛው ደረጃ ላይ ቁራሽ ዳቦ አየና እየሮጠ ሲሄድ አይጥ ነክሳ ገደለችው። ጋሼ ሳቀ። መጀመሪያ ያስነጠሰው መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው! ረጅሙ ከሞተ ወዲህ ያ ክፍል ሳቅ ሰምቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆነ። መዝገቡ ላይ የጻፋቸውን ሕጎች ሁሉ ሻረ፤ ያገኘውን ብልቃጥ ሁሉ ይጠጣል፣ ያልታወቀ በር በርግዶ ይገባል፣ የማይቻል አውሬ ይነካካል። «ከሞቱ አሟሟቱ» እያለ እንዴት እንደሞተ ይተርክልኛል፤ ሲነሳም ቅር አይለውም። ጉድጓዱ ሁልጊዜ አዲስ ስለሆነ ደስ እንደሚል የነገረኝ ያኔ ነው። «ለካ ይሄን ነበር የሚስቅበት» አለኝ። ዳነ ብዬ ቤቴ ሄጄ ለባለቤቴ አወራሁ። የኔ ነገር፣ ሁሌ ችኩል ነኝ።

የጽዳቱ ቀን ደረሰ። የምወርደው እኔ ነበርኩ። ጋሼ ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ሰጠኝ። «ኪስህ ገባ?» አለኝ። «ገባ።» «ኪስህ ቀዳዳ የለውም?» «የለውም።» አላመነኝም፤ ቁልፉን በሲባጎ ከቀበቶዬ ጋር አሰረው። ወርጄ ጭቃውን ዝቄ፣ ማጥለያውን አጥቤ ወጣሁ። ኃላፊው ሰው ቆጠረ፤ ሁላችንም ላይ ነን። ሲባጎውን ፈትቼ ቁልፉን ለጋሼ ሰጠሁት። ሳጥኑን ከፈተ። ጣቱን ማስነሻው ላይ አሳረፈ።

«ሁሉም ወጥቷል?» አለ።

«ወጥቷል» አለው ኃላፊው።

«አንተስ?»

«እዚህ ነኝ፣ ጋሼ። አጠገብህ። እየኝ።»

በግራ እጁ ትከሻዬን ዳሰሰኝ፤ ልብሴ ገና እርጥብ ነበር። የቀኝ ጣቱ ማስነሻው ላይ ነው። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ስልኩ መጮህ ጀመረ። በልቤ «ተጫነው፣ በእናትህ ተጫነው» እላለሁ። ጣቱ እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ አነሳውና እጁን ኪሱ ከተተው።

«አንተ ተጫነው» አለኝ፣ ኃላፊው እየሰማ። «እጄ ዘይት ነክቶታል።»

ተጫንኩት። በዚያው ወር ተሰናበተ። ያረጀውን ኮምፒውተር እንዲሰጡት ለመንኩ፤ ኃላፊውም ቆሻሻ የተነሳለት መስሎት ደስ አለው።

ሁለት ወር ያህል አፍሬ ሳልሄድ ቆየሁ። ስሄድ ጀንበር እየጠለቀች ነበር፤ ልብስ ሰፊዋን ባለቤቱን ከሥራ ስትገባ በር ላይ አገኘኋት። ቤቱ ጨልሟል፤ ሰሌዳው ብቻ ይበራል። ጋሼ እዚያ ብርሃን ውስጥ ተቀምጦ ይስቃል። ማብሪያውን ልጫን እጄን ስዘረጋ እትዬ ቀደመችኝ።

«እኔ አበራዋለሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እሱ አይነካውም። ምድጃ አይነካም፣ ሬዲዮ አይነካም። እኔ እስክመጣ እንዲህ በጨለማ ነው። የሚነካው ያንን ብቻ ነው።» በአገጯ ወደ ኮምፒውተሩ አመለከተችኝ።

መብራቱ ሲበራ ጋሼ ዞሮ አየኝና ፊቱ ፈካ። «ና እየኝ!» አለኝ። «በገዛ እጄ መርዝ ጠጣሁ!»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ሁለተኛዋ ፓምፕ ጠየቀኝ፤ ደህና ናት አልኩት። ቁልፉ የት እንደሚውል ጠየቀኝ፤ ከቀበቶዬ ጋር በሲባጎ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ዝርዝሩን ከፍቶ አሳየኝ፤ ከረጅሙ ስሞች በታች የሱ ስም ብቻ ገጽ ከገጽ ይወርዳል፤ በአይጥ፣ በመርዝ፣ በወጥመድ፣ በረሃብ።

«አይሰለችህም፣ ጋሼ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ሞተህ?»

«ለምን ይሰለቸኛል» አለኝ። «እዚህ የሚወርደው እኔ ብቻ ነኝ።»

ሰሌዳው ስም ጠየቀው። የራሱን ጻፈና ሳያመነታ ተጫነው።