ያን ሽመል የመረጥኩት እኔ ነኝ

ልጅ እያለሁ አጎቴ የገባልኝን ቃል አፍርሶ የሠራሁትን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ለወንድሜ ሰጥቶብኛል። መጀመሪያ ይህ ይጻፍልኝ። «ለዚች ነው?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ያ ሰው የለፋበትን ነገር ከእጁ ነጥቀውት አያውቁም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የባሕር ዳር ሱቅ ነው። ልጄ እዚያ ዓሣ እያጠመደ ነው የሚኖረው። ልጠይቀው ሄጄ ሳለ አዲስ ዘንግ ሊገዛ ሲገባ ተከትዬው ገባሁ። ባለሱቁ ወፍራም፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ዘንግ አውጥቶ «ማዘር፣ ይሄ ዝሆን ይጎትታል» አለኝ። «ልጄ ዝሆን አያጠምድም» አልኩት። ጥግ ላይ የቆመውን ቀጭን ጥቁር ዘንግ አነሳሁ። ግራፋይት ይሉታል፤ ከላባ አይከብድም። ጫፉን የልጄ ጉሮሮ ላይ አስጠግቼ «በል ተናገር» አልኩት። «እማዬ፣ ኧረ ሰው ይስቅብናል!» ሲል እያንዳንዷ ቃል መዳፌ ውስጥ ነዘረች። በቀዩ ስሞክር ምንም የለም፤ ድንጋይ ነው። «ጥቁሩን ውሰድ፤ ዓሣ ገና ሲቀምስልህ ይነግርሃል» አልኩት። «ከማን ተማርሽው?» ሲለኝ ደሜ ፈላ።

ከማንም አልተማርኩም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከአርብ ገበያ ወደ ቆላው በሚያወርደው መንገድ ዳር ነው። አጎታችን አያ ሞላ በጥር ወር እኔንና በአንድ ዓመት የሚበልጠኝን ወንድሜን ደምሌን ጠርቶ፣ «ከፋሲካ በኋላ የተሻለ ዘንግ ያሳየኝ ልጅ ከእኔ ጋር ወንዝ ይወርዳል» አለን። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑና ከትምህርት ቤቱ ወዲያ አገር አላየሁም። ወንዙን በሩቅ እንደ ክር ነበር የማየው።

ደምሌ እርጥብና ወፍራም ሽመል ቆርጦ ግድግዳ ላይ አቆመና ረሳው። እኔ ቀጫጭኖቹን፣ ነቀዝ ያልነካቸውን መርጬ ስድስት ቆረጥኩ። ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቅዬ በየቀኑ አገላብጣቸዋለሁ፤ የጎበጠውን በፍም እያሞቅሁ በጉልበቴ አቀናለሁ። ጸጉሬ ሳይቀር ጭስ ጭስ ይል ስለነበር ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ደምሌ የቄስ ተማሪ ነበርና ጠዋት ጠዋት ዳዊት ይደግማል። አንድ ቀን የአንዱ ሽመል ጫፍ ጉሮሮውን ነካና ድምፁ በእንጨቱ ወርዶ እጄ ገባ። ከዚያ ወዲህ ስድስቱንም በእሱ ጉሮሮ ፈተንኳቸው። «ሂጂ ወዲያ አንቺ ጠንቋይ! መዝሙሩን አሳሳትሽኝ!» እያለ ያባርረኛል። አምስቱ ደንቆሮ ነበሩ፤ ጣልኳቸው። ስድስተኛው ግን ሲተነፍስ እንኳ ይነግረኛል።

ቀኑ ደረሰ። አያ ሞላ ዘንጌን አወዛወዘው።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«እጅሽ ይባረክ» አለና ለደምሌ ሰጠው። «ሴት የረገጠችው ውሃ ዓሣ አይሰጥም።»

«ቃልዎስ፣ አያ ሞላ?»

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ሳቀ። ደምሌን አየሁት፤ እሱ እግሩን ያያል። ዘንጌን ተሸክሞ ቁልቁል ወረደ።

ሲመሽ ዓሣ በሐረግ ሰክተው መጡ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ጎረቤቱ ሁሉ «የደምሌ እጅ!» አለ፤ በየሰርጉ፣ በየማኅበሩ ለዓመታት ተወራ። ከዘንጉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ እኔም አመንኩ። «ምናልባት እውነት ነው፣ እኔ ብወርድ ባዶ እጄን እመለስ ነበር» ብዬ አመንኩ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ተዳርኩ፤ ያን ወንዝ ሳልረግጠው ቀረሁ። ዛሬ የልጅ ልጄ ከአባቷ ጋር ታንኳ ላይ ተቀምጣ ዘንግ ትይዛለች፤ ሴት ናት ብሎ ውሃውን የከለከላት የለም። ሳያት ደስ ይለኛል፤ ደስ እያለኝም ጥርሴን እነክሳለሁ።

ከባሕር ዳር እንደተመለስኩ በቀጥታ ደምሌ ቤት ሄድኩ። አሁን ቄስ ነው፤ በሰው ፊት «አባ» እላቸዋለሁ፣ መስቀላቸውንም እሳለማለሁ። ሰው እስኪወጣ ጠበቅሁና «ደምሌ፣ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«እህቴ፣ ያለፈ ነገር...»

«አላለፈም። እኔ ዘንድ ነው ያለው።»

ጢሙን ያሻል፣ መሬት ያያል።

«በዘንግሽ አንድም ዓሣ አልያዝኩም» አለኝ። «እጄ ላይ ይርገበገባል፤ ዓሣው ይሁን ውሃው መለየት አቃተኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ሞላ ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዙ ዳር ያለው ኩሬ ውስጥ በተነው። ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ በእጃችን ለቀምነው። 'ለማንም እንዳትናገር፣ ለእሷማ በፍጹም' ብሎ አስማለኝ። አንቺ ወርደሽ ቢሆን ኖሮ ብርብራ አያስፈልገንም ነበር።»