ያልደረቀው ካፖርት

የዓሣ አጥማጅ ካፖርት ዘይት አጠጥቶ ውሃ እንዳያስገባ በማድረግ ራግንሂልን የሚስተካከል በመንደሩ አልነበረም። የሸራውን ካፖርት ትዘረጋና የፈላ የተልባ ዘይት በመዳፏ ታሸዋለች፤ ሲደርቅ ትደግመዋለች፣ ሲደርቅ ትሠልሰዋለች። ሥራው ትዕግሥት ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሳይደርቅ የተደረበ ዘይት ላዩን ይሸፍናል እንጂ ውስጡ እርጥብ ነው። ባሕር ላይ ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል።

ባሏ ሐልቫርድ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሎፎተን ደሴቶች ዓሣ ሊያጠምድ የወጣው እንዲህ ያለ ካፖርት ለብሶ ነው። ማዕበል ሲይዛቸው ጓደኞቹ ተረፉ፣ እሱን ብርድ ገደለው። ሳይደርቅ «ደርቋል» ብላ የሸኘችው እሷ ነበረች። ይህን ለማንም ተንፍሳ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ካፖርት በምታደርቅበት ጎጆ ውስጥ የሐልቫርድ ትምባሆ ይሸታታል። አንዱ ካፖርት ላይም ታትሞ የቀረ የእጅ ምልክት ታገኛለች። ሌባ ጣት የለውም፤ የሐልቫርድን ሌባ ጣት የመንጠቆ ገመድ ቆርጦት ነበር። ትፈራለች፤ ግን ጠርጋ ዘይት ትደርብበትና ዝም ትላለች።

ዘንድሮ ተራው የልጇ የአይሊፍ ነው። በአባቱ ቦታ ሊቀዝፍ ተቀጥሯል፤ ጀልባዋ ነገ ትወጣለች። ከቀረ ቦታውን ሌላ ይይዘዋል። ዝናቡ ግን ሲያካፋ ከርሞ ዘይቱን አላደርቅ ብሎ ነበር። ራግንሂል ፋኖስ ይዛ ወደ ጎጆው ገባች። ምልክቱ በልጇ ካፖርት ደረት ላይ ነበር። እጇን ብታሳርፍበት ተጣበቀባት።

አይሊፍ ከበር ሆኖ ጠራት። «እማዬ፣ ደረቀ ወይስ ዛሬም እንደ ሙሽራ ይለመናል?»

አፏ «ደርቋል» ሊል ነበር።

«አልደረቀም» አለች። «አባትህንም ደርቋል ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልሁት።»



«አባዬ እኮ ያውቅ ነበር» አላት አይሊፍ። «ሊወጣ ሲል ካፖርቱን እንዲህ ሲነካው እጁ ተጣበቀበት። ‹ለእናትህ እንዳትነግራት፣ ትሳቀቃለች› አለኝ።» ሲናገር መዳፉን ደረቱ ላይ፣ ምልክቱ ካረፈበት ከዚያው ቦታ ላይ ጫን አደረገ። ካፖርቱን ገና አላየውም ነበር።

ጀልባዋ ያለ አይሊፍ ወጣች። ራግንሂል ያን ዓመት ምልክቱን አልጠረገችውም። ካፖርቱ ደርቆ አይሊፍ በሌላ ጀልባ ሲሄድ፣ የአባቱ እጅ ደረቱ ላይ ነበር።