ከሻማው ብርሃን በታች የነበረችው የትምወርቅ

እፀገነት መሐል ሜዳ ላይ፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ቤት አለቻት። ደንበኛ በጮኸባት ቁጥር እሷ ጭራሽ ትረጋለች፤ በዚህ ጠባይዋ ብዙ ሰው ተቀይሟታል። ተማሪ ሳለች አውቃታለሁ፤ ያኔም ደብተሯን ለማንም አታስገለብጥም ነበር።

ባለፈው ክረምት የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አፍስሶ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበትን የጥንቱን የምስለ ፍቅር ወልዳ ሥዕል አጠፋው። ሥዕል ያሣለ ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል፤ ስሙም ከጎኑ ይጻፋል። አዲሱ ሠዓሊ የቀድሞውን እያየ የሚሠራበት ቅጂ ጠየቀ። ፎቶ አንሥቶት የነበረው የሰበካው ሊቀ መንበር የአቶ ዳኜ የወንድም ልጅ ብቻ ነው። እርሱም ፎቶው ጠፍቶብኛል ብሎ፣ ቀድሞ ከፎቶው ላይ ሻማ የሚርገበገብበት ዎልፔፐር፣ የኮምፒውተር ገጽ ማስጌጫ፣ አድርጎ የሠራውን ላከ።

አቶ ዳኜ በፍላሽ ይዘውት ሲመጡ እኔ ማመልከቻ ላስጽፍ ተቀምጬ ነበር። የአጥቢያችን አሮጊት ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ በኋላቸው ተከትለው ገቡ። ዎልፔፐሩ ሲከፈት፣ ከእመቤታችን እግር ሥር አንድ ጢማም ሰው ተደፍቷል፤ የተጻፈውም የአቶ ዳኜ አያት ስም ነው።

“እዚያ የተደፋችው እናቴ የትምወርቅ ናት! በጎቿን ሸጣ ያሣለችው እሷ ናት!” አሉ ወይዘሮዋ።

“ዓይንሽ ከደከመ ስንት ዘመኑ? የአያቴ ጢማቸው አይታይሽም?” አሉ አቶ ዳኜ።

“ጢሙንማ ያበቀላችሁት እናንተ!”

እፀገነት ቀና አላለችም። “አቶ ዳኜ፣ የሻማው ብርሃን የእመቤታችንን ፊት ሸፍኖታል። እንዲህ ከታተመ ለሠዓሊው አይረባውም። ፋይሉን መፍታት አለብኝ።”

“ሥዕል እኮ ነው፤ ምኑ ይፈታል?”

“አንድ ሥዕል አይደለም። ሻማው ለብቻ፣ ብርሃኑ ለብቻ ሆኖ በአንድ ታሽጓል።”

“እንግዲያው ፍቺው። ሻማውን ብቻ አንሺ።”

ፈታችው። ከውስጡ የወጡትን ፋይሎች አንድ በአንድ ወደ ሥዕል እየለወጠች፣ እንደነበሩ ደራረበቻቸው። ሻማውን አነሣች፤ ብርሃኑን አነሣች። ቀጥሎ የመጣው፣ ለብቻው የተቆረጠ ጢማም ሰው ከነስሙ ነው። እሱንም አነሣችው። ከሥሩ ጠፋ የተባለው ፎቶ ሙሉውን ወጣ፤ ነጠላ የለበሰች ሴት ተደፍታለች፣ ከጎኗም “የትምወርቅ” ይላል።

“መልሺው!” አሉ አቶ ዳኜ። “ሻማውን አንሺ ነው ያልኩሽ!”

“ይህም እንደ ሻማው በላዩ የተለጠፈ ነው።” ማተሚያውን አዘዘችው።

አቶ ዳኜ የማተሚያውን ገመድ ከግድግዳው ነቀሉት። ተነሥታ ሰካችው። ደግመው ነቀሉት፤ ደግማ ሰካችው።

“ከእንግዲህ የሰበካው ሥራ ወደዚህች ጎጆ ዝር አይልም። ተርበሽ ታዪዋለሽ!”

“ይቅርብኝ። ይህን ግን ራሴ ለሠዓሊው አደርሰዋለሁ።”

ፍላሻቸውን መንጭቀው በሩን አላትመው ወጡ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የታተመውን ወረቀት አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው ሲመረምሩ፣ እንባ ወይም ምርቃት ጠብቄ ነበር።

“ያ የጥንቱ ሠዓሊ መቀነቷን በግራ አሰረባት” አሉ በቁጣ። “ያኔም ነግራው ነበር፤ አይሰማም!”

“ላስተካክለው እማማ?” አለች እፀገነት።

“እጅሽን ሰብስቢ! እንዳለች ውሰጅያት።”