ለወለላ እግር የነደደ እሳት

እኔ የሺሃረግ፣ የዲላ ወጌሻ ነኝ። ወለምታ ቢሉ፣ ስብራት ቢሉ፣ ከእጄ ያመለጠ የለም ይሉኛል። እኔም አምኜ ነበር፣ ሞኝ!

የጓንጉል ሚስት ወለላ ግን ሌላ ነገር ሆነችብኝ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት፣ አጥንቷ ደህና፣ ጅማቷ ደህና፤ እግሯ ግን አንድ ሰሞን ይከዳታል፣ ደግሞ ይመለሳል። ዓይኗም ብዥ ይልባትና መልሶ ይጠራል። ጎረቤቱ ቡዳ ነው አለ፣ ዛር ነው አለ። እኔ "ብርድ ነው" አልኩ። ለብርድ ደግሞ መድኃኒቱ ሙቀት ነው። እሳት አንድጄ፣ ቅቤ አቅልጬ፣ በጋለ ድንጋይ እየተኮስኩ አሻታለሁ። ከታሸች በኋላ ጭራሽ ትዝለፈለፋለች። "አይዞሽ፣ በሽታ ሊለቅ ሲል ነው የሚብሰው" እላታለሁ። ምን አባቴ አውቄ!

ጣልያን ዲላ ሊገባ ነው ሲባል፣ ጓንጉል ወታደር ነበርና ሚስቱንና የአራት ዓመት ልጃቸውን ማሚቱን ይዞ ኮቸሬ ጫካ ሊገባ ቆረጠ። በቅሏቸው ለጦሩ ተወስዳለች። መንገዱ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወለላ ሐሙስ ዕለት እጄን ያዘችና፣

"እትዬ፣ እስከ ወናጎ ብቻ ልራመድ። እዚያ ዘመድ አለን፣ ይሸከሙኛል። ከልጄ አልነጠል" አለችኝ።

ሐሙስና ዓርብ ሳነድ ዋልኩ። ቅዳሜማ ጎህ ሲቀድ ጀምሬ ላቧ እስኪንቆረቆር አሸኋት። ጓንጉል ማሚቱን አዝሎ "በሉ እንሂድ" ሲል፣ ወለላ መቆም አቃታት። የልጇ ፊት እንኳ አልለይላት አለ።

"ሂዱ" አለች። "ልጄን ከጥይት አውጣልኝ።"

ጓንጉል ሲወጣ ዞሮ አየኝና መንገዱን ያዘ።

ረፋዱ ላይ ዝናብ ወረደ። ወለላ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠች አልገባም ብላ ራሰች። ልጎትታት ብል ሰደበችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። ቆመች እኮ!

"እትዬ፣ አጥሩ ይታየኛል!"

እልል አልኩ። በጭቃው ውስጥ የወናጎን መንገድ ተያያዘችው፤ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ። "ልጅ አዝሎ አይፈጥንም፣ እንደርስባቸዋለን" ትላለች።

ከከተማው ወጣ እንዳልን ዝናቡ አባራ፣ አናት የሚበሳ ፀሐይ ወጣ። ወለላ አንዴ ተንገዳገደች፣ ሁለቴ ተንገዳገደች፣ ጉልበቷ ታጠፈ። ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ታሻለች። ያኔ ገባኝ። ለካ የሚጥላት ሙቀቱ ኖሯል! እሳቴ፣ ቅቤዬ፣ ድንጋዬ። ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው!

አዝዬ መለስኳት። ጓንጉል ጫካ ውስጥ ተገደለ፤ ማሚቱን አየሁ ያለ ሰው እስከ ዛሬ የለም። የወለላም እግር ቆይቶ በዝናብም መመለሱን ተወ።

አንድ ቀን፣ "እትዬ፣ ያን ቅዳሜ ባታሺኝ ኖሮ እሄድ ነበር?" አለችኝ።

"ኧረ አትሄጂም! እግዜር ያመጣው ነው" ብዬ ዋሸኋት።

"እጅሽ ይባረክ፣ አንቺስ ለፍተሻል" አለችና እንዳሽላት እግሯን ሰጠችኝ።