በየስምንት ሰዓቱ

ዓምሃ ወደ ጉለሌ የወጣው ሰው ከሥራ ሊያስነሳ ነው። እርግጥ በእጁ የያዘው ደብዳቤ «አጣርተህ ሪፖርት አድርግ» ነው የሚለው። ነገር ግን በ1976 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው የመድኃኒት ቤት ተቆጣጣሪ ምን እንደሚጠበቅበት ጠፍቶት አያውቅም። ክሱ ከቁስቋም በታች ባለችው የቀበሌ መድኃኒት ቤት በሚሠሩት በወይዘሮ ጀዊሪያ ላይ ነበር። «ግለሰቧ በመንግሥት የክኒን ፖስታ ላይ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን እየጻፈች ሃይማኖታዊ ቅስቀሳ ታካሂዳለች» ይላል። ነገሩ ከተረጋገጠ ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ለባሰው ነገርም ብዙ ደብዳቤ አያስፈልግም ነበር።

ወይዘሮ ጀዊሪያ እዚያች ቤት የገቡት በአሥራ ስድስት ዓመታቸው፣ ቤቷ ገና የግል ሳለች፣ ጠርሙስ አጣቢ ሆነው ነው። ማታ ማታ ተምረው፣ ፈተናውን በሁለተኛው ሙከራ አልፈው መድኃኒት ወደሚታደልበት መስኮት መጡ። ቤቷ ተወርሳ የቀበሌ ስትሆን ባለቤቱ ሄደ፤ እሳቸው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የመስኮቱ ሰው እሳቸው ናቸው። ቀጭን፣ ነጠላ ጫማ የማይለያቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሴት ነበሩ።

ተቆጣጣሪ ሁሉ የየራሱ ማጥመጃ አለው። የዓምሃ ማጥመጃ የላይኛው መደርደሪያ ነው፤ እጅ የማይደርስበትን ቦታ ማን ያጸዳል? ወንበር ላይ ወጥቶ ጣቱን ቢያሳርፍ ንጹሕ እንደሆነ ወጣ። ጊዜያቸው ቶሎ የሚያልፈው መድኃኒቶች ከፊት፣ የሚቆዩት ከኋላ ተሰልፈዋል። የመርዛም መድኃኒቶች ሳጥን ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከሴትዮዋ አንገት ላይ ነው። ፍሪጁ ላይ አንድ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ ጧትና ማታ የተለካ ሙቀት፣ የስድስት ዓመት፣ አንድ ቀን ሳይዘለል። አንዱ ገጽ ላይ «መብራት ከ9 እስከ 11 ጠፋ፤ በሩ አልተከፈተም» ይላል። ዓምሃ በአራት ዓመት ሥራው ይህን ሁሉ በመመሪያ እንጂ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ተገረመ፤ የመጣበት ጉዳይ ትዝ ሲለው ደግሞ መገረሙ አስጨነቀው።

በመጨረሻ ከክሱ ጋር በማስረጃነት የተያያዘውን ፖስታ አውጥቶ መስኮቱ ላይ አኖረው። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «የቁስቋም የኪዳን ደወል ሲደወል ወይም የሱብሂ አዛን ሲሰማ አንድ። የፋብሪካው ጡሩምባ ከምሳ ሲመልስ አንድ። የዊንጌት የማታ ተማሪዎች ሲበተኑ አንድ።»

ወይዘሮ ጀዊሪያ መነጽራቸውን አደረጉ። ፖስታው ላይ የበሽተኛው ስም አለ፤ ወልዱ፣ የቀበሌው ካድሬ። ማን እንደከሰሳቸው ያኔውኑ ገባቸው። ዓምሃ ይቆጣሉ ወይም ያለቅሳሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ቀና ብለው፣

«ጨርሶት ይሆን?» አሉ።

ዓምሃ ምን እንደተጠየቀ ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ፖስታውን አንስቶ ከፈተው። አንዲት ክኒን እንኳ የለችበትም።

«ባዶ ነው» አለ።

«አልሐምዱሊላህ። ትንሽ ሲሻለው የሚያቋርጥ ሰው ነው፤ እሱን ፈርቼ ነበር» አሉና ፖስታውን መለሱለት።

ዓምሃ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞት አያውቅም። በዚያች ደቂቃ ልቡ ለሳቸው አደላ፤ ቢሆንም ሥራው ሥራ ነውና መመሪያው «በየ8 ሰዓቱ» ብላችሁ ጻፉ እያለ ይህን ሁሉ ሐተታ ምን አመጣው ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም ነገሩት። ከአምስት ዓመት በፊት የሺ የምትባል የሠፈሩ ሴት ልጇን የሳንባ ምች ይዟት መጣች። መድኃኒቱ ተሰጣት፤ ጠርሙሱ ላይ ልክ እንደ መመሪያው «በየ8 ሰዓቱ» ተብሎ ተጻፈላት። በአራተኛው ቀን ልጅቷን አቅፋ ተመለሰች፤ ልጅቷ መተንፈስ አቅቷታል፣ ጠርሙሱ ገና ሙሉ ነው። የሺ መሠረተ ትምህርት የተማረች፣ ቃል በቃል የምታነብ ሴት ናት። በየቀኑ ከጎረቤት ሬዲዮ ሰዓት እየሰማች፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አንድ ማንኪያ ሰጥታለች። አንድም ቀን አላሳለፈችም።

ልጅቷ ሆስፒታል ገብታ በስንት መከራ ተረፈች። ወይዘሮ ጀዊሪያ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ያንን ቃል ለመጻፍ እጃቸው እምቢ አለ። «ጧት፣ ቀን፣ ማታ» ብለው ሞከሩ፤ ሰው ከሦስቱ ምግብ ጋር አጠጋግቶ እየዋጠ ሌሊቱን ባዶ አስቀረው። ሰዓት ያለው ቤት ደግሞ ከአሥር አንድ ቢገኝ ነው። ስለዚህ እሑድ እሑድ ሠፈሩን እየዞሩ፣ ከየትኛው ግቢ የትኛው ድምፅ በስንት ሰዓት እንደሚሰማ አዳመጡ። የንጋቱን ደወልና አዛን፣ የቀኑን ጡሩምባ፣ የማታውን ተማሪ ስምንት ስምንት ሰዓት ያህል የሚራራቁ ሆነው አገኟቸው።

«እኔ ሰው አልሰብክም፣ ልጄ። ጉለሌ ያላት ሰዓት ይኼ ነው።»

ዓምሃ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። መድኃኒት ይዞ የሚወጣውን እያስቆመ እንዴት እንደሚወስድ ጠየቀ። አሥር ሰው ጠየቀ፤ አሥሩም ሳይሳሳቱ መለሱ። ዓይናቸው የደከመው የግንድ ተራው ዘበኛ አቶ ኡርጌሳ እንዲያውም ቆጣ አሉ፦ «ደወሉ ሲል አንድ፣ ጡሩምባው ሲል አንድ፣ ተማሪው ሲንጫጫ አንድ። ሴትዮዋ ሳታስደግመኝ ለቃኝ አታውቅም፤ አንተም ልታስደግመኝ ነው?» ዓምሃ ባለፈው ወር መሃል ከተማ ላለ አንድ መድኃኒት ቤት ሙሉ ነጥብ ሰጥቷል፤ ፖስታዎቹ ሁሉ በታይፕ የተጻፉ ነበሩ። እዚያ አንድም ሰው አልጠየቀም፤ ቅጹም ጠይቅ አይልም።

ይህን እያሰበ ሳለ የፋብሪካው ጡሩምባ ተነፋ። ከፊቱ ካለው ግቢ አንዲት ሴት እጇን ከልብስ ማጠቢያው አውጥታ አደራረቀችና ወደ ቤት ገባች፤ በጣሳ ውኃና ፖስታ ይዛ ወጣች። ከዚያ በላይ ባለው ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ክኒን አፉ ውስጥ ጥሎ አንገቱን ወደ ኋላ ቀለሰ። ከዚያ በላይ ደግሞ አንዲት እናት የልጇን አፍንጫ ይዛ ማንኪያ ታጎርሳለች። ዳገቱ ላይ፣ በየግቢው፣ ሰዎች በአንድ ደቂቃ መድኃኒታቸውን ይወስዱ ነበር። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ ካድሬ የለም፣ ስብሰባ የለም። ዓምሃ እዚያው ፈዝዞ ቆመ።

ሪፖርቱን የጻፈው በዚያው ቀን ነው፦ «ሃይማኖታዊ ቅስቀሳ አልተገኘም። የተገኘው ሰዓት ነው።» ፈረመበት። ለራሱም ፈርቷል፤ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጸሐፊውንም ሊያስጠይቅ ይችላል።

መልሱ ከጽሕፈት ቤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ወይዘሮ ጀዊሪያ በሥራቸው ይቀጥሉ፤ ሆኖም ከእንግዲህ በፖስታ ላይ ከመመሪያው ቃል በቀር ምንም እንዳይጻፍ ይላል። ዓምሃ ደብዳቤውን በፖስተኛ መላክ ከበደውና ራሱ ይዞት ወጣ። መስኮቱ ፊት ረጅም ሰልፍ ነበር። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አጥፈው ፋይል ውስጥ ከተቱት።

ተራው የደረሳት ሙኒያ የምትባል ነፍሰ ጡር ነበረች። ወይዘሮ ጀዊሪያ ክኒኑን ቆጥረው ፖስታ ውስጥ ጨመሩ፤ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው «በየ8 ሰዓቱ» ብለው ጻፉ፤ ማኅተም መቱበት። ከዚያ ፖስታውን ሳይለቁ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ይኼ የጽሕፈት ቤቱ ነው» አሏት። «አሁን ያንቺን ስሚ።»

ነገሯት፤ ሙኒያም ደገመችው። ከኋላዋ የተሰለፉትም፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በለሆሳስ አብረዋት ይሉ ነበር።